የጨርቅ ዳይፐር በወሎ ደጋ፦ ምን ልግዛ? እንዴትስ ላስለምደው?

የጨርቅ ዳይፐር ጀምረው በሁለተኛው ሳምንት የሚተዉ እናቶች ብዙ ናቸው። ለምን ተውሽው ሲባሉ መልሳቸው ከሦስቱ አያልፍም፦ አልደርቅ አለኝ፣ ያፈሳል፣ የልጄ ቂጥ ቀላ። ሦስቱም መላ አላቸው፣ ግን መላው የሚጀምረው ገና ጨርቁ ሲገዛ ነው። ደሴ፣ ኩታበር ወይ ወገልጤና ሆነሽ ጨርቅ ስትመርጪ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "በስንት ሰዓት ይደርቃል?" የሚል ይሁን። ልስላሴውና ስዕሉ ቀጥሎ ይታያል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይ ከሚሴ ያላችሁ ስለ ማድረቅ የተጻፈውን ቶሎ እለፉት። እናንተን የሚያስቸግራችሁ ሙቀቱና ሽፍታው ነው፣ እሱም ከታች አለ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትሽ በፊት ቤትሽን ፈትሺ

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አንድ ሙከራ አድርጊ። የቆየ ነጠላ ቁራጭና አንድ ወፍራም ፎጣ አርጥቢ፣ በእጅሽ ጨምቂ፣ ልብስ የምታሰጪበት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ስቀዪ። ማታ ስቀዪና ጠዋት እዪ። ነጠላው ደርቆ ፎጣው ገና የሚንጠባጠብ ከሆነ (የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ባደረ ቀን ሌላ ነገር አትጠብቂ) ወፍራም ዳይፐር ቤትሽ ውስጥ እንደማይሠራ ከወዲሁ አወቅሽ ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ለራስሽ መልሺ።

1. ውሃ። በየቀኑ ይመጣል ወይስ በፈረቃ? በፈረቃ ከሆነ በሌለበት ቀን የሚበቃ ጀሪካን ወይ በርሜል አለሽ? ሳፋሽ 10 ሊትር የሚይዝ ከሆነ አንድ ሙሉ እጥበት፣ ማለቅለቂያውን ጨምሮ፣ አራት ሳፋ ማለትም ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል።
2. ማስጫ። ዝናብ የማይነካው ነፋሻ ቦታ አለ? የቆርቆሮ ጥላ፣ በረንዳ፣ የመስኮት ዳር።
3. የሚያጥበው ማነው? አራስ ወገቧን ይዛ ሳፋ ላይ አትጎነበስም። ባልሽ፣ እናትሽ ወይ ሠራተኛ ከሆነች፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ከመጀመሪያው ይስማማ። በልምድ የሚታየው፣ ብዙ ቤት ውስጥ ጨርቁ የሚተወው የሚያጥበው ሰው ሳይጠየቅ ስለተጀመረ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱ "የለም" ከሆኑ ሙሉ በሙሉ ጨርቅ አትጀምሪ። ቀን ጨርቅ፣ ማታ የሚጣለውን ዳይፐር አድርጊ። ግማሹም ብዙ ብር ያድናል።

ደረጃ 2፦ የቱን ልምረጥ?

ገበያ ላይ ያለው ብዙ ቢመስልም አራት ዓይነት ነው።

ተጣጣፊ ጨርቅ። አንድ ንብርብር፣ አራት ማዕዘን፣ ጎኑ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥጥ። እናቶቻችን ያሳደጉን በዚህ ነው። ዘርግተሽ ስለምታሰጪው ቶሎ ይደርቃል፣ ይቀቀላል፣ ከሁሉም ይረክሳል። ጣጣው ማጠፍ መልመድ ነው፣ እሱም ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ለደጋ ሰው የእኔ ምርጫ ይኼ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ከዚህ ጋር እያወዳደርሽ እዪው።

ተደራርቦ የተሰፋ ጨርቅ። መሐሉ ወፈር ብሎ የተሰፋ ነው። ማጠፉ ቀላል ነው፣ ግን መሐሉ ለመድረቅ ይዘገያል። ለማታ ሦስት አራት ቢኖርሽ ጥሩ ነው።

ባለኪስ ዳይፐር። ሱቁን የሞላው ይኼ ነው። ላዩ ውሃ የማያስተላልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ፊቱ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚሉ ቁልፎች፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ንጣፍ። የላዩ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ጉዱ ያለው ንጣፉ ላይ ነው። ስትገዢ ንጣፉን አውጥተሽ ዳሺው። ጣትሽ ላይ ያዝ ያዝ የሚያደርግ ሰው ሠራሽ ከሆነ (ማይክሮፋይበር ይሉታል) ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይግባ፣ የልጁን ገላ በቀጥታ አይንካ፣ ቆዳውን ያደርቀዋል። ጥቁር ግራጫ የቀርከሃ ከሰል ንጣፍ የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያው ማይክሮፋይበር ነው፣ ስለዚህ ለስሙ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። ደግሞ "ከተወለደ እስከ ሦስት ዓመት" የሚል ቢጻፍበትም ለአራስ ልጅ ጭኑ ላይ ይሰፋል። 4 ወይ 5 ኪሎ ሳይሞላ ባያፈስ ነው የሚገርመው።

ሁሉም በአንድ የተሰፋ። ንጣፉም መሸፈኛውም አብሮ የተሰፋ ነው። ለማልበስ እንደ ሚጣለው ይቀላል። ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ለማድረቅ ግን አትሞክሪው።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለውን ቁምሳጥን ክፈቺ። ያረጀ ነጠላ ከማንኛውም ከተገዛ ጨርቅ ይሻላል፦ ሳስቷል፣ ለስልሷል፣ ሽንት ይጠጣል። ጥለቱን ቁረጪና አውጪው፣ ይቆረቁራል። ያረጀ ጋቢ ካለ ደግሞ ለማታ የሚሆን ሀብት ነው፣ ግን እንዳለ አትቁረጪው። ጠርዙን ተርትሪና ንብርብሩን ለያዪው፣ ከዚያ ቁረጪ። እንዳለ ከተቆረጠ ሁለት ቀንም አይደርቅም፣ ሲለያይ ግን እያንዳንዱ ቅጠል (ንብርብር) ለብቻው ተሰጥቶ ይደርቃል። ጠርዙን መዝምዢው ወይ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደሽ በማሽን አስመዝምዢው፣ አለዚያ ክሩ ተመዞ የልጁ ጣት ወይ ብልት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም፣ የተጠመጠመ ክር ደም ያስቆማል።

አቡጀዲ የምትገዢ ከሆነ በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው። እንደ ወረቀት ተጨማዶ ከቀረና ሲታሽ ነጭ ዱቄት ከለቀቀ ማጠንከሪያ በዝቶበታል፣ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ይቆያል። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ደግሞ ተዪው። ለመለየት ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ጠብታው ላዩ ላይ ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ለሽንትም እንደዚያው ነው።

የላይ መሸፈኛ። ተጣጣፊ ጨርቅ ብቻውን ልብስ ያርሳል። ስለዚህ ከላይ ውሃ የማያስተላልፍ መሸፈኛ ወይ የላስቲክ ፓንት ያስፈልገዋል። እግሩ ላይ ያለው ላስቲክ ለስላሳ መሆኑን አረጋግጪ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፌስታል አታስሪለት። ብዙ ቤት ይደረጋል፣ አውቃለሁ። አየር አያስገባም፣ ቆዳውን ይቀቅለዋል፣ ሾልኮ ወጥቶ አፍና አፍንጫው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ያፍነዋል።

ደረጃ 3፦ ስንት?

አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። ሦስት አራት ወር ሲሞላው ወደ 8 ይወርዳል። በየቀኑ የምታጥቢ ከሆነ 15 ጨርቅ፣ በሁለት ቀን አንዴ ከሆነ 24 ያዢ። ክረምት ላይ ስድስት ጨምሪበት፣ ገመድ ላይ ያለው እስኪደርቅ የምታስሪው እንዳታጪ። መሸፈኛ ከ4 እስከ 6 ይበቃል፣ ካካ ካልነካው ጠርገሽ ደግመሽ ታስሪዋለሽና።

መርፌ ቁልፍ ስድስት። ትልልቁን፣ ራሱ ላይ የፕላስቲክ መክደኛ ያለውን ግዢ።

አንድ ነገር ልምከርሽ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዢ። ስድስት ጨርቅና ሁለት መሸፈኛ ይዘሽ ጀምሪ። ልጁ ቀጭን ጭን ነው ወይስ ወፍራም፣ ቤትሽ ምን ያህል ያደርቃል፣ ይኼን ሳታዪ ደርዘን መግዛት ብር መበተን ነው። ባለኪስም ከፈለግሽ አንድ ብቻ ገዝተሽ ሞክሪ።

ደረጃ 4፦ አዲሱን ጨርቅ አዘጋጂ

አዲስ ጥጥ ቅባትና ማጠንከሪያ አለው፣ እንዳለ ከታሰረ ያፈሳል። ብዙ ሰው "ጨርቁ አይረባም" ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

1. ጨርቁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊና አሳድሪ።
2. ጠዋት ጨምቂ፣ በትልቅ ድስት ከትንሽ ሳሙና ጋር 20 ደቂቃ ያህል ቀቅዪ። ይኼ ለንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። መሸፈኛና ባለኪስ ዳይፐር አይቀቀልም፣ ውሃ የሚከለክለው ሽፋን ይላጣል፣ ላስቲኩም ይላላል።
3. አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቂ፣ አስጪ።
4. ማጠብና ማድረቁን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሚ። አሮጌ ነጠላ ከሆነ አንድ ጊዜ ይበቃል።
5. ፈትሺ፦ የሻይ ማንኪያ ውሃ ላዩ ላይ አፍስሺ። ወዲያው ከጠጣው ደርሷል። ከተንሳፈፈ አንድ ዙር ይቀረዋል።

ይኼን ሁሉ ሰባተኛና ስምንተኛ ወር ላይ ጨርሺው። ከወለድሽ በኋላ ጊዜ የለሽም።

ደረጃ 5፦ አስተጣጠፍና አስተሳሰር

መጀመሪያ በአሻንጉሊት ወይ በትራስ ተለማመጂ። ልጁ እያለቀሰ መማር አይቻልም።

1. ጨርቁን አልጋ ላይ ዘርጊ፣ ከጥግ ወደ ጥግ አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው። ረጅሙ ጎን ወደ ላይ፣ ሹሉ ወደ አንቺ።
2. ሁለተኛ ትንሽ ጨርቅ ለሦስት አጥፈሽ እንደ መቀነት ጠባብና ረጅም አድርጊ፣ መሐሉ ላይ ከላይ ወደ ታች አስተኚው። ሽንት የሚይዘው በዋናነት ይኼ ነው። ወንድ ከሆነ የፊተኛውን ጫፍ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ እጠፊና ፊቱን አወፍሪ። ሴት ከሆነች መሐሉን ወይ ወደ ኋላ ያለውን አወፍሪ።
3. ልጁን አስተኚ። ረጅሙ ጎን ወገቡ ላይ ይሁን። ቂጡን ለማንሳት እግሮቹን ይዘሽ አታንጠልጥዪው፣ እጅሽን ከወገቡ ስር አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርጊ።
4. የወንድ ብልት ወደ ታች ይመልከት። ወደ ላይ ካየ በሆዱ በኩል ልብሱ ሁሉ ይርሳል።
5. ሹሉን በእግሮቹ መሐል አምጥተሽ ሆዱ ላይ አሳርፊ። እትብቱ ገና ካልወደቀ ሹሉን ወደ ውጭ አጥፈሽ ከእትብቱ በታች አውርጂው። እርጥብ ጨርቅ እትብት ላይ አይታሰርም።
6. ሁለቱን ጎኖች አምጥተሽ ሹሉ ላይ ደርቢ፣ በመርፌ ቁልፍ ያዢ። የግራ እጅሽ ሁለት ጣቶች በጨርቁና በልጁ ሆድ መሐል ይግቡ። መርፌው ሾልኮ ከወጋ የሚወጋው ያንቺን ጣት ነው። ጫፉ ወደ ጎን ይሁን፣ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች አይሁን። አልገባ ካለሽ ጫፉን ደረቅ ሳሙና ላይ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ ሰተት ይላል።
7. ፈትሺ፦ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ካልገባ ጠብቋል።
8. መሸፈኛውን አልብሺ። አሁን ጣትሽን በጭኑ ዙሪያ አዙሪ፣ ወደ ውጭ የወጣ ጨርቅ ካለ ወደ ውስጥ አስገቢ። አንዲት ጫፍ ከቀረች ሽንቱን መጥጣ ሱሪው ላይ ታደርሰዋለች። ላስቲኩ የሚቀመጠው ብሽሽቱ ውስጥ ነው፣ ጭኑ መሐል ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ አያትየው "እግሩ ይወላገዳል፣ አጥብቀሽ እሰሪው" ማለታቸው አይቀርም። በአክብሮት እምቢ በዪ። በጨርቅ ምክንያት እግር አይጣመምም። ጉልበቱ ተጣጥፎ ጭኑ ወደ ጎን ከፈት ማለቱ ለዳሌው መገጣጠሚያ እንዲያውም ጥሩ ነው። ጀርባ ላይ ሲታዘልም እግሩ እንዲያ ከፈት ይላል። የሚጎዳው እግሩን ዘርግቶ ጥፍር አድርጎ መጠቅለሉ ነው።

ደረጃ 6፦ ቀስ በቀስ አስለምጂ

ለልጁ ሳይሆን ለአንቺ ነው የሚከብደው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂጂ፣ አንዱ ሳይስተካከል ወደ ሌላው አትዝለዪ።

ከተወለደ እስከ ሦስተኛ ቀን። የመጀመሪያው ካካ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነው። ለዚህ አሮጌ ቁራጭ ጨርቅ ወይ የሚጣል ዳይፐር ተጠቀሚ፣ ደህናውን ጨርቅ አታበላሺ።

መጀመሪያ፦ ቀን፣ ቤት ውስጥ። ጠዋት ከታጠበ በኋላ እሰሪለት፣ እስከ ማታ በጨርቅ ይዋል። በየሁለት ሰዓቱ ወይ ጡት በጠባ ቁጥር በጣትሽ ፈትሺ። ጨርቅ እንደ ሚጣለው እርጥበቱን አይደብቅም፣ ስለዚህ ልጁ ቶሎ ቢነጫነጭ አይግረምሽ። አብሽሪ፣ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ መቼ እንደሚሸና ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ቀጥሎ፦ የቀን እንቅልፍና ማዘል። ከማዘልሽ በፊት ቀይሪ። በማዘያ ሲጠበቅ የጨርቁ ውሃ ይጨመቅና ጀርባሽን ያርሰዋል። ግማሽ እርጥብ ጨርቅ አድርገሽ አትዘዪ።

ከዚያ፦ መውጣት። ከደሴ ወልዲያ ወይ ሐይቅ ለምትሄጂ በቂ ጨርቅ፣ አንድ ትርፍ መሸፈኛ፣ ቆሻሻውን የምትይዢበት ሁለት ወፍራም ፌስታል (ፌስታል የሚያገለግለው እዚህ ነው) ያዢ። መንገዱ ረጅም ከሆነ ለዚያ ቀን የሚጣለውን ማድረግ ነውር የለውም።

መጨረሻ፦ ማታ። ሌሊቱን መጀመሪያ የሚሞክር ሰው በሦስተኛው ቀን ይተዋል፣ ምክንያቱም ብርድ ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ አልጋው ረጥቧል። ለማታ አንዱን ጨርቅ እንዳሰርሽው ሆኖ መሐሉ ላይ የጋቢውን ቅጠል ለሦስት አጥፈሽ ጨምሪ። ከአልጋው አንሶላ ስርም ላስቲክ አንጥፊ። ካካ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይቀየራል።

ደረጃ 7፦ አጠባ

ቆሻሻውን ጨርቅ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አትዘፍዝፊ። ይሸታል፣ ጨርቁን ያበሰብሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መዳህ የጀመረ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከገባበት ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ክዳን ባለው ደረቅ ባልዲ አጠራቅሚ። ሁለት ቀን አይለፈው።

1. ካካውን አራግፊ፣ ሽንት ቤት ድፊ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ በውሃ ይሟሟል፣ ምግብ ከጀመረ በኋላ ግን በቢላ ጀርባ ወይ በእንጨት ጠርገሽ አውጪው። ውሃውን ወንዝ ወይ ምንጭ አጠገብ አትድፊ። "የሕፃን ነው፣ ምን አለው" ይባላል፣ ግን የሕፃን ካካም በሽታ ያስተላልፋል። በ6ኛው ሳምንት በአፉ የሚንጠባጠብለት የፖሊዮ ክትባትም በካካው ይወጣል፣ ስለዚህ እጅሽን በሳሙና መታጠብ እንዳይረሳ።
2. በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ይጋገርበታል። የማታውን ጨርቅ ጠዋት ወዲያው አለቅልቂው፣ ሽታው የሚጠናው እሱ ላይ ነው።
3. እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በዱቄት ወይ በደረቅ ሳሙና እሺ። ሳሙናው ትንሽ ይሁን። ብዙ ሳሙና ብዙ ንጽሕና አይደለም፣ ከጨርቁ አልወጣ ብሎ የልጁን ቂጥ የሚያቀላው እሱ ነው።
4. ሁለት ጊዜ አለቅልቂ። ሁለተኛውን ውሃ በእጅሽ ምቺው፣ አረፋ ካሳየ ሦስተኛ ጨምሪ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ስለሆነ አትድፊው፣ ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ በክዳን አስቀምጪው። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው ይኼ ይገባዋል።
5. ጨምቂ፣ አራግፊ፣ አስጪ። መሸፈኛውን ግን አትጠምዝዢ፣ ዝም ብለሽ ተጫኚው።

የማይጨመሩ ነገሮች፦

- የልብስ ማለስለሻ። ጥጡን በቅባት ይሸፍነዋል፣ ውሃ መጠጣት ያቆማል።
- እንዶድ። ለጋቢና ለነጠላ ጥሩ ነው፣ ለሕፃን ቆዳና ለዓይን ግን ያቃጥላል።
- በረኪና በየቀኑ። ጥጡን ይበላል፣ ላስቲኩን ይጨርሳል። ከወር አንዴ ለነጭ ጥጥ ካልሆነ ተዪው። ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በረኪና ፈጽሞ አትድፊ፣ ከአቼቶ ጋርም አትቀላቅዪ። ሁለቱም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣሉ። መጀመሪያ ታጥቦ በደንብ መለቅለቅ አለበት።

እድፍ ቢቀርበት አትጨነቂ። እርጥቡን ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ ፀሐይ ቢጫውን ትበላዋለች።

ደረጃ 8፦ ማድረቅ

በጋ ላይ ችግር የለም። ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ፣ ከዚያ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ነው።

ጠዋት ማጠብ ልመጂ፣ ክረምትም ቢሆን ፀሐይ ብልጭ የምትለው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በፊት ነው። ጨርቁን ገመድ ላይ አጥፈሽ አትጣዪው፣ ሁለቱን ጫፎች በመቆንጠጫ ይዘሽ አንድ ንብርብር ሆኖ ይንጠልጠል። በሁለት ጨርቅ መሐል እጅሽ የሚያልፍበት ክፍተት ተዪ። ነፋስ ከፀሐይ ይበልጥ ያደርቃል፣ ስለዚህ ዝናብ የማይገባበት በረንዳ ከቤት ውስጥ ይሻላል። የሚያጥበው ሰው ጉልበት ካለው ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፦ እርጥቡን ጨርቅ በደረቅ ፎጣ ላይ አንጥፊ፣ አብረሽ ጠቅልዪ፣ በጉልበትሽ ተጫኚው። ግማሹ ውሃ ወደ ፎጣው ይሄዳል።

ሊደርቅ የተቃረበ ቀጭን ጥጥ በካውያ ይጨረሳል። መሸፈኛ ካውያ አይነካውም።

ከሰል ላይ ማድረቅ የተለመደ ነው። ካደረግሽ ደጅ ይሁን። ልጅና አራስ በተኙበት ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አታስገቢ። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ጨርቁንም ከእሳቱ ራቅ አድርጊው። በእጣን ማጠኑም ለሕፃን ጨርቅ ይቅር፣ ጭሱ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ደረቱን ያስቸግረዋል።

መድረቁን ለማወቅ መሐሉን አትንኪ፣ ስፌቱንና ጠርዙን ቆንጥጪ። ደጋ ላይ ደረቅ ጨርቅም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ቅዝቃዜው ያታልላል። ስፌቱ ጣትሽ ላይ እርጥበት ካልተወ ደርቋል።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

በጭኑ በኩል ያፈሳል። መጀመሪያ መሸፈኛውን ከመውቀስሽ በፊት የወጣ ጨርቅ ፈልጊ። ከሌለ ላስቲኩ ላልቷል ወይ ለልጁ ይሰፋል።

ጨርቁ ሳይረጥብ ያፈሳል። ጨርቁ ሽንቱን አልጠጣም። የማንኪያውን ውሃ ሙከራ ድገሚ። ሳሙና፣ ማለስለሻ ወይ ቫዝሊን ይዞታል ማለት ነው። ጥጡን ያለ ሳሙና ቀቅለሽ አረፋ እስኪያቆም በሙቅ ውሃ አለቅልቂ። ቅባት መቀባት ግድ ከሆነብሽ በቅባቱና በጨርቁ መሐል ቀጭን የነጠላ ቁራጭ አንጥፊ፣ እሱን ለብቻው እጠቢው።

እንደ ካርቶን ደረቀ። ወይ ሳሙና ቀርቶበታል፣ ወይ ውሃው ጨው አለው። በደንብ አለቅልቀሽ አስጪ፣ ሲደርቅ በሁለት እጅሽ እሺው። ቀጥ ብሎ የደረቀ ጨርቅ ጭኑን ይልጣል።

ሲረጥብ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል። አጠባው ጎድሎታል። ለተወሰነ ቀን ሳሙናውን ትንሽ ጨምረሽ፣ በሙቅ ውሃ እሺና ማለቅለቁን አብዢ። ፀሐይ ካለ ቀኑን ሙሉ ትቆይበት።

ቂጡ ቀላ። ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ በለብ ባለ ውሃ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ሴት ልጅን ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያለምንም ጨርቅ ፀሐይ በገባበት ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት ተዪው። ባቲና ከሚሴ ላላችሁ ይኼ ከቅባት ሁሉ ይበልጣል፣ ቀን ላይ መሸፈኛውን ተዉትና በጨርቁ ብቻ ይዋል። ቅቤ፣ ዱቄትና የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም ደማቅ ቀይ ሆኖ በብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ከገባና ዙሪያውን ትንንሽ ነጥቦች ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከቆሰለ፣ መግል ከያዘ ወይ ትኩሳት ካለው ቀን አትቁጠሪ። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይታይ።

ጨርቁ ደረቅ ሆነ። ይኼ የማፍሰሱን ያህል አይወራም፣ ግን ይበልጣል። አምስተኛ ቀኑን ያለፈ ልጅ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ ያረጥባል፣ በጨርቅ ደግሞ መቁጠር ቀላል ነው። ካነሰ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ ውሃ ወይ የስኳር ውሃ አትስጪው። ሽንቱ ጠቆር ካለ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይ ለመጥባት እንኳ ካልነቃ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ።